ያው ልጅ ተመልሶ ሲመጣ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል የምሠራ ጀማሪ ነርስ ነኝ። በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ አክመን የላክነው ልጅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ በሽታ ይዞ፣ ይባስ ብሎ ክብደቱ ቀንሶ ይመለሳል። እናቶቹ የሚመጡት ዘግይተው ነው። አንዳንዶቹም ልጁ ሳይሻለው ‹ፈርሜ እሄዳለሁ› ይላሉ። ኮሌጅ እያለን ድህነት የሕፃናትን ጤና እንደሚጎዳ ተምረናል። ግን እኔ መርፌ የምወጋና ትኩሳት የምለካ ነርስ ድህነትን ምን ላደርገው እችላለሁ? አንዳንዴ ከኪሴ ከፍዬ መድኃኒት እገዛላቸዋለሁ። ልክ ነኝ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ድህነትን ማጥፋት ያንቺ ሥራ አይደለም። በነርስ ደመወዝ የሚሞከርም አይደለም። ነገር ግን ድህነት ልጅን በደፈናው አይጎዳም። የሚጎዳው በታወቁ መንገዶች ነው። ከእነዚያ መንገዶች ጥቂቶቹ ደግሞ በአንቺ ጠረጴዛ በኩል ያልፋሉ። ስለነሱ ላውራሽ። የኪስሽን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ተመልሶ የሚመጣውን ልጅ እንውሰድ። ሳንባ ምች ይዞት መጣ። አሞክሲሲሊን ወሰደ፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ ግን አንድ ክፍል ነው። በኩበትና በእንጨት ነው የሚነደው፣ ጓዳው መስኮት የለውም። እናቱ እንጀራ ስትጋግር እሱ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ያን ጭስ ይስባል። ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ተጠጋግቶ ይተኛል። ስለዚህ የአንዱ ጉንፋን ለሁሉም ይደርሳል። ሕመሙ የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶት ስለሰነበተ ከስቷል። የከሳ ልጅ በሽታን የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል። አቅሙ የወረደ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይታመማል። በሚቀጥለው ጊዜ ስታዪው «መድኃኒቱ አልሠራም» ትያለሽ። መድኃኒቱ ሠርቷል። ልጁ የተመለሰው እኛ ያከምነው ሳንባውን ብቻ ስለሆነ ነው።

ለዚህ ነው ሳል ይዞት የመጣን ልጅ ሁሉ ክንዱን ሳትለኪ አትላኪው የምልሽ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የከፋ የምግብ እጥረት አለበት። ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው መካከል ከሆነ መካከለኛ ነው። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣትሽ ተጫኚያቸው፤ ጣትሽ የፈጠረው ጉድጓድ ቶሎ ካልሞላ እብጠት ነው፣ ክንዱ ወፍራም ቢመስልም አትታለይ። ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ። ግን ሰልፉ ረዝሞ በር ላይ ሕዝብ ሲንጫጫ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ልኬት ነው።

ቁጥር ካነሳን፣ በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 37ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ፣ መሆናቸውን አሳይቷል። በአማራ ክልል ከመቶ 41 ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ደግሞ በሀብት ከፋፍሎ ሲያይ፣ የመጨረሻ ደሃ በሆኑት ቤቶች ከመቶ 45 ገደማ፣ ሀብታም በተባሉት ከመቶ 26 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን ሁለተኛው ቁጥር ነው። ካላቸው ሰዎች ልጆችም ከአራቱ አንዱ ቀንጭሯል ማለት ነው።

ስለዚህ «ድሆች ስለሆኑ ነው» ብለሽ አትዝጊው። ደምቢያን እዪ። ለም መሬት ነው፣ ጤፍም ሽምብራም ያበቅላል፣ ጣናም አጠገቡ ነው። ግን እህሉ ይሸጣል፣ ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። ልጁ ከትልልቆቹ ጋር እንጀራ በሽሮ ይበላል፣ ወይም በውኃ የቀጠነ አጥሚት ይጠጣል። ጾም ሲገባ ደግሞ ብዙ እናቶች የልጁን እንቁላልና ወተት የሚተዉት ልጁ ይጾማል ብለው አይደለም። የቤቱ ድስትና ማንኪያ በፍስክ እንዳይነካ ፈርተው ነው። እዚህ ላይ ስብከት ዋጋ የለውም። «ለልጁ ብቻ የምትሆን አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይተሽ አስቀምጪ» ስትያት ግን ነገሩ ያልቃል። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ተቆልቶ አብሮ ተፈጭቶ፣ ገንፎው ወፈር ብሎ፣ ላዩ ላይ ዘይት ጠብ ብሎበት። ይህን ብዙ ቤት ያለ ተጨማሪ ወጪ ይችለዋል። የማይችለውም አለ፤ እሱን ለይቶ ማወቅ ያንቺ ፋንታ ነው።

አሁን ወደ መዘግየቱ እንሂድ። ጽሑፉ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ልጅ የሚሞትብን በአብዛኛው እዚህ ነው።

በእናቶች ጤና ትምህርት ሦስቱ መዘግየቶች የሚባለውን ተምረሻል። ለመሄድ መወሰን፣ ለመድረስ መጓዝ፣ ደርሶ ደግሞ ሕክምና ማግኘት። ለወላድ የተሠራ ቢሆንም ለልጅም ልክ ይሆናል። እኛ ግን ክፍል ውስጥ ሆነን የምናየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ለምን እስካሁን ቆየሽ?» ብለን እንቆጣለን። ይህች ጥያቄ መልስ አታመጣም። እናትየው አንገቷን ትደፋለች፣ ቀጥሎ የምትጠይቂያትንም ትዋሻለች። «ሕመሙ መቼ ጀመረው? ከዚያ በኋላ ምን አደረጋችሁ? ዛሬስ በምን መጣችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ያኔ ታሪኩ ይወጣል።

ታሪኩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ብር ያለው እሱ ጋ ነው። ልጁ ሲያተኩስ መጀመሪያ ምች ነው ተባለ፣ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጠው። ሳሉ ሲብስ እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ተቆረጠ፣ ወይም ግግ ነው ተብሎ ድዱ ተነካ። አራተኛው ቀን ላይ ጡት እምቢ አለ። ከጎረቤት ብር ተበደረች፣ ሌሎቹን ልጆች ለትልቋ ሰጠች፣ መንገድ እስክትደርስ በእግሯ ሄደች፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ። አንቺ ፊት ስትደርስ ደክሟታል፣ ያላትም ብር የመመለሻ ብቻ ነው።

እንጥል መቁረጥ አደገኛ ነው። ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ባልጸዳ ስለት መንጋጋ ቆልፍ ይመጣል። ይህን በግልጽ ንገሪያት። ግን ለምን ወደዚያ እንደሄደች ገብቶሽ ንገሪያት። እንጥል ቆራጩ ሰፈር ውስጥ ነው። ካርድ አያስወጣም። ብር ከሌላት በዱቤ ይሠራላታል። አይቆጣትም። እኛ ከነዚህ በአንዱም አንወዳደረውም፤ ባለመቆጣት እንኳ ብንወዳደረው ትልቅ ነገር ነበር። ጠበልን በተመለከተ ደግሞ ክርክር ውስጥ አትግቢ። «ጠበሉንም ያግኝ፣ መድኃኒቱን ግን አንድ ቀን አታቋርጪበት» ማለት ይበቃል። ልጁ በባዶ ሆዱ ብርድ ላይ እንዳይቆም ብቻ አስጠንቅቂያት።

ጊዜው ራሱም ይወስናል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይራቆታል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ ተቅማጡም የሚበዛው ያኔ ነው። በጥቅምት ወባው ይነሣል፣ አጨዳውም ይደርሳል። በለሳ ላይ ዝናብ ከቀረ ደግሞ አዝመራው ራሱ አይገባም። መንገድ ሲዘጋና ጸጥታው ሲደፈርስ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ይከብዳል፤ ይህን እኔ ልነግርሽ አያስፈልግም፣ እዚያው ነሽ።

ስለ ገንዘቡ የማውቀውን ልንገርሽ። ክትባት፣ የከፋ የምግብ እጥረት ሕክምና፣ የቲቢ ሕክምና በነፃ የሚሰጡ ናቸው። ብዙ እናቶች ይህን አያውቁም። ካርድ ክፍል «ስንት ይዘሻል?» ሲላት ነው የምትመለሰው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነች በመድህን ደብተሯ ትታከማለች። እጅግ ደሃ የሆነውን ቤተሰብ ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል፣ ግን በቀበሌው መመዝገብ አለበት። ምዝገባና እድሳት በዓመት አንዴ ነው፤ ያ ጊዜ ያለፈው ዓመቱን ሙሉ ውጭ ነው። ደብተር ይዛ ሪፈር ሳትይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደች ላይሸፈንላት ይችላል። እንግዲህ አንዲት ወረቀት ሳትጽፊ «ሆስፒታል ውሰጂው» ብለሽ በቃል ብቻ ብትልኪያት ምን እንደምታደርጊያት አስቢው።

ደብተሩ ኖሮም መድኃኒቱ ከሌለ ነገሩ ያው ነው። «ከውጭ ግዢ» የሚባለው ቃል ስንቱን ልጅ ወደ ቤቱ እንደመለሰ የሚያውቅ ያውቃል። ስለዚህ ከውጭ ይገዛ ተብሎ ከመጻፉ በፊት በእጃችን ያለ ተመሳሳይ መድኃኒት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሐኪሙ አይቀየምም፤ ቢቀየምም ያልፋል።

«ፈርሜ እሄዳለሁ» የምትለዋን እንደ ግትር አትያት። ከሕክምናው ዋጋ ይልቅ የሚያባርራት ሌላው ነገር ነው። አስታማሚ ሆና የምትበላው የላትም። ቤት የቀሩት ልጆች ማን ጋ እንደዋሉ አታውቅም። ላሟ ልትወልድ ነው። መጀመሪያ «ምን ያዘሽ?» በያት። አንዳንዴ መፍትሔው አንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ አማቷ ልጆቹ ደኅና ናቸው ካለቻት ሁለት ቀን ትጨምራለች። አንዳንዴ አብሯት የምትተኛዋ አስታማሚ ምግቧን ታካፍላታለች። ይህን አንቺ ስታስተዋውቂያቸው ነው የሚሆነው። ምንም ካልተቻለና መሄዷ ካልቀረ፣ አስፈርመሽ ባዶ እጇን አትስደጃት። በአፍ የሚወሰደውን መድኃኒት ስጪያት፣ የመጀመሪያውን መጠን ፊትሽ ትስጠው። ወረቀት ጻፊላት። በየጤና ኬላው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችና የተቅማጥ ሕክምና ይሰጣሉ፤ የቀበሌዋን ሠራተኛ ስልክ ፈልገሽ ደውይላት። መፈረም የሚጠብቀው እኛን እንጂ ልጁን አይደለም።

ከዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ጉድ ላንሳ። የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚሆን ነው። ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ አንድ ልጅ ብቻ ሲመጣ «ሌላ ቀን ተመለሺ፣ ሰው ሲሞላ እንከፍታለን» ይባላል። ለአራዳ ሰፈሯ እናት ይህ ትንሽ መጉላላት ነው። ከማክሰኚት ገጠር ለመጣችው ግን ክትባቱ ቀረ ማለት ነው። በ9ኛው ወር ያመለጠው ልጅ በ15ኛው ወር ይመጣል ብለሽ አታስቢ። እኔ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ባይ ነኝ፤ የሚደፋው ክትባት ከአንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ አልጋ ይረክሳል። በሌላ ጉዳይ የመጣን ልጅም ቢሆን የክትባት ካርዱን ሳታዪ አትሸኚው።

በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ሀገሩ በአንዴ ሀብታም ስለሆነ አይደለም። ክትባት፣ አጎበር፣ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት)፣ ጤና ኬላ፤ ርካሽ ነገሮች ሰው ደጃፍ ላይ ስለደረሱ ነው። ጎንደርም ይህን አመል ታውቀዋለች። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ያሠለጠነው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር፤ ከመነሻዎቹ አንዱም ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ነው። የነርስ ሥራ ከአልጋው አልፎ ቤት ድረስ ይሄዳል ማለት እዚህ ከተማ አዲስ ወሬ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጪው የምልሽ መሸኛውን ነው። ብዙ ክፍሎች ውስጥ መሸኛ ማለት መድኃኒት በፌስታል አቀብሎ «ጠዋትና ማታ» ማለት ነው። አንቺ ግን እንዲህ አድርጊ። ኦአርኤሱን ስትሰጫት «በአንድ ሊትር» አትበያት፣ ሊትር የምትለካበት የላትም። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አሳያት፣ እሱን ሞልታ ትበጥብጠው፣ በማግስቱ የተረፈውን ትድፋው። ውኃው በወረፋ የሚገኝበት ሰፈር ከሆነች መጀመሪያ ለልጁ የሚጠጣውን ለይታ ታስቀምጥ። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን እንደሚቀጥል ንገሪያት፤ ከ6 ወር በላይ ለሆነ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ላለ 10። አሞክሲሲሊኑ ሽሮፕ ከሚሆን ውኃ ውስጥ የሚሟሟው እንክብል ይሻላል፤ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ማንኪያውም አያሳስትም። ከዚያ «እስኪ እቤት ስትገቢ ምን እንደምታደርጊ ንገሪኝ» በያት። ስትነግርሽ የተሳሳተው ወዲያው ይታያል። «ገባሽ?» ብለሽ ከጠየቅሻት ግን ሁሌም «አዎ ሲስተር» ነው መልሱ።

የአደጋ ምልክቶቹን አራቱን ብቻ አስይዣት፤ ጡት ወይም መጠጥ እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ፈዝዞ አልነቃ ካለ። አምስተኛ ከጨመርሽ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባቱን። አንቺ ደግሞ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ ከ2 ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት በኋላ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።

ቀጠሮ ስትሰጪ ደግሞ የወሩን ቁጥር ብቻ ጽፈሽ አትተዪ። «የማርያም ዕለት፣ 21» ካልሻት አትረሳም። ከተቻለ በገበያ ቀን አድርጊው፤ የዚያን ቀን ለማንኛውም ከተማ ትመጣለች፣ ትራንስፖርቱ ሁለት ጊዜ አይወጣም። ኃላፊሽ «ክትትል ሰኞና ሐሙስ ነው» ሊልሽ ይችላል። ተከራከሪው። እኔ እንደማየው ከሚቀሩት ቀጠሮዎች ብዙዎቹ የሚቀሩት እናቶች ስለማይጠነቀቁ ሳይሆን ቀኑን እኛ ለራሳችን እንዲመች ስለመረጥነው ነው።

ስለ ፕላምፒነት፣ ለከፋ የምግብ እጥረት ስለሚሰጠው የከረጢት ምግብ፣ አንድ ነገር። ለአንድ ልጅ የሰጠሽው ለሦስት ተካፍሎ ልጁ ክብደት ሳይጨምር ይመጣል። ተቆጥተሽ ምንም አታገኚም፤ የራበው ልጅ ፊት ሌላው ብቻውን እንዲበላ የምታደርግ እናት የለችም። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ነው፣ 500 ካሎሪ ይሰጣል፤ የልጁ ድርሻ የሚሰላውም በክብደቱ ነው። ሲካፈል መድኃኒቱን እንዳጎደልሽ ነው የሚቆጠረው። «ይህ ምግብ ሳይሆን የሱ መድኃኒት ነው» ብለሽ አስረጂ። ከዚያ ሌሎቹንም ልጆች አምጥታ ክንዳቸው ይለካ። አንዳንዴ ሁለተኛውም ለራሱ የሚገባው ሆኖ ይገኛል። የሚመጡ እናቶች ግሉኮስ እንዲሰቀልላቸው መለመናቸውም ያጋጥምሻል፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ዱቄትና ከረጢት ብቻ ይዘው መመለስ ያልታከሙ ይመስላቸዋል። በከፋ ሁኔታ ለከሳ ልጅ ግን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ልብን ያጨናንቃል፣ ሾክ ውስጥ፣ ማለትም የደም ዝውውሩ ወድቆ፣ ካልሆነ በቀር አይሰጥም። ይህን ደግሞ ታጋሽ ሆነሽ አስረጂያት።

አሁን ኪስሽ። አንድ ሁለት ጊዜ ማድረግሽ ሰው መሆንሽ ነው፣ ማንም አይወቅስሽም። ልማድ ከሆነ ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ሰው አይቶ «እዚያች ሲስተር ጋ ሂጂ» ይላል፣ ደመወዝሽ አይችለውም። ሁለተኛና የሚከፋው፣ ያንቺ ብር ክፍተቱን ይሸፍነዋል። መድኃኒቱ በየሳምንቱ ማለቁን ኃላፊው አያይም፣ ምክንያቱም አንቺ እየገዛሽ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ያለቀውን በመዝገብ ላይ ጻፊ። በየወሩ መጨረሻ ስንት ልጅ ከውጭ ግዛ ተብሎ እንደተላከና ስንቱ ሳይታከም እንደተመለሰ ቆጥረሽ ስብሰባ ላይ አቅርቢ። ጤና ጣቢያችሁ ውስጥ የሠራተኛ መዋጮ ካለ፣ በአንድ ሰው ሳይሆን በኮሚቴ ይያዝ፣ ለማን እንደወጣም ይመዝገብ። ማኅበራዊ ሠራተኛ ያለበት ሆስፒታል ሪፈር ስትጽፊ፣ ቤተሰቡ የሚከፍለው እንደሌለ ወረቀቱ ላይ አስፍሪው። እናትየው በር ላይ ቆማ በአፏ ከምትለምን ይሻላል።